ጎጃም ዶላር ይበላል ወይስ ያተርፋል?

ጥያቄው የደረሰኝ ከፍኖተ ሰላም አካባቢ ነው። ጠያቂው በጃቢ ጠህናን ወረዳ የአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የአመራር አባል ናቸው። እንዲህ ይላሉ፦

«ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ የሚሠራ ልጅ አለኝ። ለበዓል በመጣ ቁጥር በዶላር ነገር እንከራከራለን። ‹ቡናና ወርቅ ያላቸው አካባቢዎች ዶላር ያመጣሉ። እናንተ ጎጃሞች ግን ማዳበሪያና ናፍጣ ትበላላችሁ እንጂ ምን ትልካላችሁ?› ይለኛል። በዜናም አገሪቱ ከምትሸጠው የምትገዛው እንደሚበልጥ እሰማለሁ። ይህ ማለት አገር ከሰረች ማለት ነው? እኛስ እውነት ሸክም ነን? ማኅበራችን በርበሬ ወደ ውጭ ልላክ ቢልስ ይሆናል?»

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። አጭሩን መልስ ላስቀድም። አገር አልከሰረችም። ጎጃምም ሸክም አይደለም። ልጅዎ ግን ከንቱ ነገር አልተናገረም። ያየው የመዝገቡን አንድ ገጽ ነው። ሌላውን ገጽ እዚህ አስፍሬዋለሁና በሚቀጥለው በዓል አብራችሁ አንብቡት።

የንግድ ሚዛን ማለት አንድ አገር በዓመት ወደ ውጭ ከሸጠው ዕቃ ዋጋ ላይ ከውጭ የገዛው ሲቀነስ የሚቀረው ነው። የሸጠው ከበለጠ ትርፍ ይባላል፤ የገዛው ከበለጠ ጉድለት ይባላል። እኛ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት በጉድለት ላይ ነን። በ2014 የበጀት ዓመት የወጪ ንግዳችን፣ ማለትም ወደ ውጭ የሸጥነው፣ 4.1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ከውጭ የገዛነው ደግሞ 18 ቢሊዮን ገደማ። አንድ ዶላር ስንሸጥ ከአራት ዶላር በላይ እንገዛ ነበር ማለት ነው። በ2017 የበጀት ዓመት የወጪ ንግዱ ከ8 ቢሊዮን ዶላር አለፈ። ትልቅ እመርታ ነው። ያኔም ቢሆን ግን የገዛነው ከሸጥነው በእጥፍ ይበልጥ ነበር።

ከዚህ 8 ቢሊዮን ውስጥ ወርቅ 3.5 ቢሊዮን ገደማ ነው። ቡና ደግሞ ከ2.6 ቢሊዮን ይበልጣል። ሁለቱ ተደምረው ከአራት እጅ ሦስቱን ገደማ ይይዛሉ። ልጅዎ «ቡናና ወርቅ» ያለው ከዚህ ተነስቶ ነው።

ጉድለቱን የሚሸፍነው ምንድን ነው? የአየር መንገዳችን ገቢ አለ። ከውጭ ያሉ ልጆቻችን የሚልኩት ሐዋላ አለ። ዕርዳታ አለ፣ የውጭ ባለሀብት ይዞት የሚመጣው ገንዘብ አለ፣ ብድርም አለ። የዕቃ ንግድ መዝገቡ እነዚህን አያሳይም። ስለዚህ «ጉድለት አለ» የሚለው ዜና ብቻውን ስለ አገር ኪሳራ ምንም አይነግረንም።

ነገሩን በእርስዎ ቤት እንየው። ሁለት ጎረቤታሞች እኩል ብር ተበደሩ እንበል። አንዱ በሬ ገዛበት፣ ሌላው ለልጁ ሠርግ ደገሰበት። ሁለቱም በዚያ ዓመት ካገኙት በላይ አውጥተዋል። በዓመቱ የሁለቱን ቤት ብታዩ ግን አንድ አይደለም። የአገር ጉድለትም እንዲሁ ነው። ደቡብ ኮሪያ ፋብሪካዎቿን ስትተክል በ1960ዎቹና በ70ዎቹ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምለው፣ በየዓመቱ ማለት ይቻላል ጉድለት ላይ ነበረች። ትርፍ ማየት የጀመረችው በ1986 ነው። ያስገባችው ማሽን ስለነበር ጉድለቱ መልሶ ከፈላት።

ትርፍ መኖሩም በራሱ በረከት አይደለም። ጎጃም ከሩቅ አገር ንግድ ጋር ትናንት አልተዋወቀም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የባሶ ገበያ ስሙ የተጠራ ነበር። ከዓባይ ማዶ ከአሰንዳቦ ወርቅ፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስና ቡና እየተሻገረ ይመጣ ነበር። በባርነት የተሸጡ ሰዎችም በዚያው መንገድ አልፈዋል። ከዚያ ወደ ጎንደርና ወደ ምጽዋ ይወጣል። ወደ አገር የሚገባው አብዛኛው ክፍያ 1780 የሚል ዓመት የታተመበት የማርያ ቴሬዛ ብር ነበር። ብሩ ይቀበራል፣ ጌጥ ይሆናል፣ የጦር መሣሪያ ይገዛበታል። በመዝገብ ቢያዝ ኖሮ ብዙው ዓመት ትርፍ ያሳይ ነበር። ለገበሬው ግን አንዲት ማረሻ እንኳ አላሻሻለለትም።

ታዲያ ጉድለት መቼ ነው የሚያስፈራው? የሚሸፍነው ገንዘብ ሲደርቅ ነው። ይህን አይተነዋል። በታኅሣሥ 2016 ኢትዮጵያ ለ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ፣ ማለትም ከውጭ ገበያ ለተበደረችበት ሰነድ፣ መክፈል የነበረባትን 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀረች። የአገሪቱ የዶላር ክምችት ያኔ በአንድ ወር ከውጭ የሚገባውን ዕቃ እንኳ የማይገዛ ነበር። ከዚያ በፊትም ምልክቱ ነበር። በጥቅምት 2015 መንግሥት 38 ዓይነት ዕቃዎች በባንክ የውጭ ምንዛሪ እንዳይገቡ ከልክሎ ነበር። መኪና፣ ውስኪ፣ ከረሜላ፣ ሽቶ፣ ሰው ሠራሽ ፀጉር ሳይቀር። አሜሪካ እኮ ከ1976 ጀምሮ በፈረንጆቹ በየዓመቱ ጉድለት አላት የሚል ሰው ያጋጥምዎታል። እውነት ነው። አሜሪካ ግን የምትከፍለው በራሷ ገንዘብ ነው። እኛ ዶላር አናትምም።

ቀጥሎ ሐምሌ 22 ቀን 2016 መጣ። ብሔራዊ ባንክ የብርን ዋጋ ለገበያ ለቀቀ። አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ130 ብር አለፈ። ወርቁ ያን ያህል የጨመረው ከምድር በድንገት ስለፈለቀ አይደለም። ቀድሞ በጥቁር ገበያና በባንክ መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ስለነበር ብዙው ወርቅ በኮንትሮባንድ ይወጣ ነበር። ልዩነቱ ሲጠብ ወደ ብሔራዊ ባንክ መጣ። በዚያ ላይ የዓለም ዋጋ ረዳን። ወርቅም ቡናም በዚያው ዓመት ዋጋቸው ተሰቀለ። ይህን ልብ ይበሉ ጋሼ። ከጭማሪው ብዙው የዋጋና የመውጫ መንገድ ለውጥ ነው። ዋጋ የሰጠንን ዋጋ ይወስደዋል።

የብር መዳከም ለላኪ ጥሩ ነው፤ ለአንድ ዶላር ብዙ ብር ያገኛል። ገዢ ደግሞ ከውጭ የሚመጣውን ውድ ስለሚያገኘው ይቀንሳል፣ ጉድለቱም ይጠባል ይባላል። ይህ ሐሳብ የሚሠራው ገዢው መቀነስ ሲችል ነው። ሽቶ መተው ይቻላል። ናፍጣን፣ መድኃኒትን፣ ማዳበሪያን እንዴት ይተዉታል? በቆሎ የሚዘራ ሰው ዩሪያ ተወደደ ብሎ ሰኔን ዝም ብሎ አያሳልፍም። ስለዚህ የብሩ መዳከም ከቡና ላኪው ይልቅ የሚጫነው እንደ ጎጃም ባለ አካባቢ ነው። ምርቱን በብር ለአገር ቤት ይሸጣል፣ ግብዓቱን ግን ዶላር በወሰነው ዋጋ ይገዛል። መንግሥት ማዳበሪያን የሚደጉመውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ልጅዎ ነጥብ እንምጣ። ማዳበሪያ ዶላር ይበላል? አዎ፣ ይበላል። የሚጠየቀው ግን በልቶ ምን መለሰ የሚለው ነው።

ቁጥሩ ለምሳሌ የያዝኩት ነው፤ በራስዎ ማሳ ልክ ይቀይሩት። አንድ ሄክታር በቆሎ አራት ኩንታል ማዳበሪያ ፈጀ እንበል። ግማሹ ፎስፎረስ ያለበት ኤንፒኤስ፣ ግማሹ ዩሪያ። ቶኑ አገር ቤት እስኪገባ 500 ዶላር ቢፈጅ የሄክታሩ ወጪ 200 ዶላር ነው። ያለ ማዳበሪያ 20 ኩንታል ይሰጥ የነበረው መሬት በማዳበሪያና በምርጥ ዘር 50 ሰጠ እንበል። ጭማሪው 30 ኩንታል ወይም 3 ቶን ነው። በዓለም ገበያ የአንድ ቶን በቆሎ ዋጋ 200 ዶላር ቢሆን፣ የመርከብና የመኪና ኪራዩን ሳንጨምር፣ 600 ዶላር ማለት ነው። 200 ሄደ፣ 600 መጣ። የተጣራው 400 ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልሸሽግ ልናገር። ይህ 600 ዶላር ሙሉ በሙሉ «የዳነ ዶላር» አይደለም። በቆሎው ባይመረት ኖሮ ሁሉም ከውጭ ይገዛ ነበር ማለት አይቻልም። ከፊሉ በዶላር ስንዴ ይተካ ነበር። ከፊሉ ደግሞ ሰው ሳይበላ ያድር ነበር። የንግድ ሚዛን መዝገብ ሳይበላ ያደረን ሰው አይጽፍም። እኔን ሁልጊዜ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። አገር ምድሩን የሚመግብ አካባቢ በወጪ ንግድ ሠንጠረዥ ላይ ስሙ ስለማይታይ ብቻ ምንም እንዳላደረገ ይቆጠራል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በየዓመቱ ከ1 ሚሊዮን ቶን በላይ ስንዴ ከውጭ ይገባ ነበር። ከጮቄ ሥር፣ ከደብረ ኤልያስ፣ ከወንበርማ የሚወጣ እያንዳንዱ ኩንታል ስንዴ ከዚያ ላይ የሚቀነስ ነው። አንድ ዶላር በቡና ማምጣትና አንድ ዶላር ከስንዴ ግዢ ማዳን ለሚዛኑ እኩል ናቸው። አንደኛው ግን ሽልማት ያስገኛል፣ ሌላኛው ዝም ተብሎ ይታለፋል።

ስሌቱ የሚበላሽበትም ጊዜ አለ። በፈረንጆቹ 2022 ኤፕሪል ላይ የዓለም ገበያ የዩሪያ ዋጋ በቶን ከ900 ዶላር አልፎ ነበር። በዚያ ዋጋ የእኛ 200 ወደ 360 ይጠጋል። የእህል ዋጋም አብሮ ስለወጣ ነው ያልሞትነው። ከዋጋ በላይ የሚጎዳው ግን መዘግየት ነው። ኤንፒኤስ ከዘር ጋር አብሮ መግባት አለበት። ዘሩ ካለፈ በኋላ የሚደርስ ማዳበሪያ ዶላሩ ወጥቶበታል፣ ምርቱ ግን የለም። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ባለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ጎጃም ይህን በተደጋጋሚ አይቷል። ጅቡቲ የደረሰ ዩሪያ መጋዘን ውስጥ ሲከርም ኪሳራው የገበሬው ብቻ አይደለም። የአገሪቱ የዶላር ሒሳብም ይከስራል።

ሌላ ብዙ ሰው የማያነሳው ነገር አለ። የጎጃም ሰፊ ክፍል፣ በተለይ ደጋው፣ አዊና ጎዛምን ሁሉ፣ አፈሩ አሲዳማ ነው። በአሲዳማ አፈር ላይ የተጨመረ ፎስፎረስ ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ተክሉ አያገኘውም። በዶላር የተገዛ ማዳበሪያ መሬት ውስጥ ተቀብሮ ቀረ ማለት ነው። መድኃኒቱ ኖራ ነው። የኖራ ድንጋይ ደግሞ ደጀን አካባቢ፣ ዓባይ በረሃው ላይ ሞልቷል። ፈጭቶ ማጓጓዝ ናፍጣ ቢፈልግም ድንጋዩ ራሱ በዶላር አይገዛም። የንግድ ሚዛን ለማስተካከል ምን ይደረግ ብሎ ሚኒስትር ቢጠይቀኝ፣ ለጎጃም ከማንኛውም ፋብሪካ በፊት የምጠይቀው ኖራ በወቅቱና በበቂ መጠን ገበሬው እጅ እንዲደርስ ነው። የጎዴው የዩሪያ ፋብሪካ በመስከረም 2018 መሠረቱ ተጥሏል። በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ያመርታል ተብሏል። ሲደርስ ትልቅ እፎይታ ነው። ፎስፌቱን ግን ከሞሮኮ መግዛታችን ይቀጥላል። ስለዚህ ኖራው ያኔም ያስፈልጋል።

አሁን ስለ ኑግ ላንሳ፤ ሰዎች በጣም የሚሳሳቱበት ጉዳይ ነውና። ጎጃም ከወለጋና ከጎንደር ጋር ዋነኛ የኑግ አገር ነው። ከኑጋችን ጥቂት የማይባለው አሜሪካ ሄዶ የወፍ መኖ ይሆናል። እኛ ደግሞ ከኢንዶኔዥያና ከማሌዥያ የፓልም ዘይት እናስገባለን። ይህን የሰማ ሰው ሁሉ ይቆጣል። «ኑጉን እዚሁ ጨምቀን ዘይቱን ለምን አንጠጣም?» ይላል። ስሜቱ ይገባኛል። እስቲ ግን እንደገና እናስላ። አንድ ቶን ኑግ ሲጨመቅ እንደ መጭመቂያው ዓይነት ከ300 እስከ 400 ኪሎ ዘይት ይሰጣል። አንድ ቶን ኑግ ወደ ውጭ የሚሸጥበት ዋጋ ከአንድ ቶን ፓልም ዋጋ ጋር ቢቀራረብ፣ ኑጉን ሸጦ ፓልም የገዛ ሰው ከሁለት እጥፍ በላይ ዘይት ያገኛል። ከዶላር አንጻር ብቻ ካየነው መላኩ ያዋጣል ማለት ነው። የኑግ ዋጋ ሲወርድ ወይም ፓልም ሲሰቀል ደግሞ ይገለበጣል። በሌላ ወገን ፋጉሎውን፣ ዘይቱ ሲወጣ የሚቀረውን፣ አይርሱ። እዚህ ከተጨመቀ ፋጉሎው ለከብት ይቀራል፣ ወተት ይሆናል። ወደ ውጭ ከተላከ ፋጉሎውም አብሮ ሄደ። የሥራ ዕድሉም እንዲሁ። ስለዚህ «ጥሬውን መላክ ነውር ነው» የሚል ደረቅ ሕግ የለም። በየዓመቱ ዋጋውን ይዞ ማስላት ያስፈልጋል።

በ2013 ቡሬና ደብረ ማርቆስ ላይ ትልልቅ የዘይት ፋብሪካዎች ሲመረቁ ደስ ብሎን ነበር። ሊያስደስትም ይገባል። እንዲህ ያለ ፋብሪካ በሙሉ አቅሙ እንዲሠራ ግን የአካባቢው ኑግና አኩሪ አተር አይበቃውም። ድፍድፍ ፓልም ከውጭ ያስፈልገዋል፤ እሱ ደግሞ ዶላር ነው። ዶላር ሲጠፋ ማሽኑ ይቆማል። እንግዲህ «ከውጭ የሚገባን ተካን» ሲባል ልጅዎም እርስዎም አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ለመተካት የገባው ጥሬ ዕቃ፣ መለዋወጫና ናፍጣ ሲቀነስ ምን ይቀራል? የአበባ እርሻንም፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካንም በዚሁ መለካት ነው። 100 ዶላር ልኮ 70 ዶላር ጥጥና ማቅለሚያ የሚያስገባ ፋብሪካ ለሚዛኑ ያመጣው 30 ነው። በዚህ መለኪያ ቡና በጣም ጥሩ ነው፤ ከውጭ የሚፈልገው ትንሽ ነው። የቆጋ አቮካዶም ተስፋ ይሰጠኛል። መራዊ አካባቢ ባለው ወደ 7 ሺህ ሄክታር በሚጠጋ የመስኖ መሬት ላይ ሃስ የሚባለውን ዝርያ ተክለው ወደ አውሮፓ መላክ ጀምረዋል። ዛፉ አንዴ ከያዘ ለዓመታት ያፈራል። ውኃውም በስበት የሚወርድ ስለሆነ የፓምፕ ናፍጣ አይፈልግም።

ስለ ጤፍ ብዙ አልልም። የእነማይና የሸበል በረንታ ማኛ ቢላክ ዶላር እንደሚያመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ከ1998 ጀምሮ ግን ጤፍን በእህልነት መላክ ተከልክሏል፤ የሚወጣው እንጀራው ነው። ምክንያቱ የአገር ቤት ዋጋ እንዳይሰቀል ነው። ስለዚህ ልጅዎ «ምን ትልካላችሁ?» ሲልዎት ይህንንም ይንገሩት። አዲስ አበባ የሚበላው እንጀራ በመጠኑም ቢሆን የረከሰው ጎጃሜው ዶላሩን ስለተወለት ነው። እኔ ክልከላው ሙሉ ለሙሉ ይነሳ አልልም፤ ከተማ ያለ ድሃ ይጎዳል። የገበሬው መሥዋዕትነት ግን ይቆጠርለት።

አሁን በርበሬያችሁ። ይቻላል፤ ሰፊ ፈላጊም አለ። ውጭ ያለው ሐበሻ ሁሉ ይፈልገዋል፤ የፈረንጅ ቅመም ነጋዴም ይገዛል። ብዙዎችን የሚያሰናክላቸው ዋጋ አይደለም፣ አፍላቶክሲን የሚባል የሻጋታ መርዝ ነው። በርበሬ በደንብ ሳይደርቅ ሲከመር ይፈጠራል። በዓይን አይታይም። አውሮፓ ወደብ ላይ ተመርምሮ ከተገኘበት ዕቃው ይመለሳል ወይም ይቃጠላል፤ የጠፋው ዶላር የእናንተ ነው። ስለዚህ ላኪ ከመፈለጋችሁ በፊት አደራረቃችሁን አስተካክሉ። መሬት ላይ አይሰጣ፤ ሸራ ላይ ወይም ከፍ ባለ የሽቦ አልጋ ላይ ይሁን። ዝናብ የነካው ለብቻው ይለይ። ክብደት እንዲያነሳ ብሎ ውኃ የሚረጭ አባል ካለ ከማኅበሩ ይወገድ፤ አንድ ጆንያ የሌላውን ሁሉ ያበላሻል። ማከማቻችሁ አየር የሚገባው ይሁን፤ ጆንያው ከግድግዳ ይራቅ፣ ከሥሩ እንጨት ይደረግበት።

ከዚያ ናሙና ወስዳችሁ ላቦራቶሪ አስመርምሩ። ውጤቱን በወረቀት ያዙ። ያንን ወረቀት የያዘ ማኅበር ከላኪ ጋር ሲደራደር ሌላ ሰው ነው። የመጀመሪያውን ዓመት በራሳችሁ ፈቃድ ለመላክ አትሩጡ። ከፍኖተ ሰላም ጅቡቲ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የመኪናው፣ የወደቡና የሰነዱ ወጪ ለአንድ ማኅበር ይከብዳል። በዩኒየናችሁ በኩል ወይም ከታመነ ላኪ ጋር በጽሑፍ ውል ጀምሩ። በውሉ ላይ ዋጋው በምን ቀን የምንዛሪ ተመን እንደሚታሰብ ይጻፍ። የብር ዋጋ በሚንቀሳቀስበት በዚህ ጊዜ ይህ አንድ መስመር ብዙ ያድናችኋል። በ2016ቱ ለውጥ ላኪ ካገኘው የውጭ ምንዛሪ ግማሹን በራሱ ሒሳብ እንዲያቆይ ተፈቅዶለታል። ስለዚህ ዩኒየኑ ራሱ ላኪ ከሆነ በዚያ ዶላር የውኃ ፓምፕም ሆነ የበርበሬ ማድረቂያ ከውጭ ማስገባት እንደሚችል ጠይቁ። የናሙናውን ውጤት ስታገኙ ይላኩልኝ፤ ቁጥሩን አብረን እናነበዋለን።